ካብ ለምን ይቆማል? ለምንስ ይናዳል?

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ ላይ ስለ ካብ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። «ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ የተካበ ድንጋይ፣ በደንብ ከተካበ፣ ከካበው ሰው ዕድሜ በላይ ይቆማል» ብዬ። እሷን ይዛችሁ ብዙ ጠየቃችሁኝ። ሁሉንም ለመመለስ ቦታው ስለማይበቃ አምስቱን መርጫለሁ።

ለአዲስ አንባቢዎች ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ተወልጄ ያደግኩት መንዝ ነው። ቤቱም በረቱም አጥሩም ድንጋይ የሆነበት አገር። እንጀራዬ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ነበር። ከዚያ ውስጥ አራቱን ዓመት ኮንሶ ኖሬያለሁ። አሁን ጡረተኛ ነኝ። ግን ዛሬም መንገድ ላይ ካብ ካየሁ ቆም ብዬ በእጄ ሳልነካው አላልፍም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቤታችን ኮተቤ ተዳፋት ላይ ነው። በጓሮ በኩል አፈሩን እንዲይዝልን የዛሬ ሦስት ዓመት በድንጋይና በሲሚንቶ ግንብ አሠራን። ቁመቱ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ባለፈው ክረምት መሃሉ ሆድ አወጣ፤ ከላይ እስከ ታችም ተሰነጠቀ። አንድ ግንበኛ «አፍርሱትና በወፍራሙ በሲሚንቶ ይሠራ» አለን። ጎረቤታችን ያሉ አዛውንት ደግሞ «ሲሚንቶውን ተዉትና ካብ አስክቡ» ይሉናል። ያለ ሲሚንቶ እንዴት ይይዛል? ክረምቱ ሳይመጣ ምን እናድርግ?
— አንዲት እናት፣ ከኮተቤ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ሆድ ባወጣው ግንብ ሥር ልጆች እንዳይጫወቱ። ከላዩም አፈር ወይም አሸዋ እንዳትከምሩበት። ግንብ ሆድ ካወጣ በኋላ መቼ እንደሚወድቅ አይታወቅም። በተለይ ዝናብ ባደረ ማግስት ራቁት።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ግንቡ ከታች በኩል ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ አለው? ደብዳቤሽ ላይ ስለ ቀዳዳ ምንም አላየሁም። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ሆድ ካወጡ ግንቦች አብዛኞቹ ወይ ቀዳዳ የላቸውም፣ ወይ የነበራቸው በአፈር ተደፍኗል። ክረምት ሲገባ ከጀርባ ያለው አፈር ውሃ ይጠጣል። ይከብዳል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ደግሞ ራሱ መግፋት ይጀምራል። ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው የታቆረ ውሃ እያንዳንዱን ሜትር የግንብ ርዝመት በሁለት ቶን ገደማ ጉልበት ይገፋዋል። ይሄ የአፈሩ ግፊት ሳይጨመር ነው። አፈሩ መረሬ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። ሲሚንቶ ደግሞ እንዲህ ያለውን መግፋትና መሸሽ አይችልም፤ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለውሃው መንገድ ሳይሰጡ በወፍራሙ መሥራት መሰንጠቂያውን ቀን ማራዘም ነው።

ካብ ሁለመናው ቀዳዳ ነው። ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ ይወጣል። አፈሩን የሚይዘው ክብደቱና ድንጋይ ከድንጋይ ጋር የሚፋተገው ነገር ነው። መሬቱ ትንሽ ቢላወስ ድንጋዮቹም ትንሽ ላወስ ብለው መልሰው ይቀመጣሉ። ጎረቤታችሁ ያወቁት ይሄንን ነው። ስሰማቸው ደስ አለኝ።

ግን ካብ ማለት ድንጋይ መከመር አይደለም። አያቴ የበግ በረት ሲክብ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ድንጋይ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ድንጋዩን ይቀበለኝና መጀመሪያ በእጁ ያዞረዋል። «ይሄ ሆዱ፣ ይሄ ጀርባው፣ ይሄ ጭራው» ይለኛል። ሆዱ ጠፍጣፋው ነው፤ ወደ ታች ይሆናል። ጭራው ረጅሙ ጎን ነው፤ ወደ ውስጥ ይገባል። እኔ ልጅ ስለሆንኩ ረጅሙን ጎን ወደ ውጭ አድርጌ ማስቀመጥ ይቀናኛል፤ እንደዚያ ሲሆን ካቡ በቶሎ ይረዝማላ። እሱ ሳይቆጣ ያወጣውና አዙሮ ያስገባዋል። ከዚያ በባዶ እግሩ ይቆምበታል። ወዲህ ወዲያ ይላል። ድንጋዩ «ቋ» ካለ አልተቀመጠም ማለት ነው። ከውስጥ በኩል ጠጠር ይሸጉጥለታል። ደግሞ ይቆምበታል። «ቋ» እስኪጠፋ ድረስ አያልፈውም።

ለእናንተ ጓሮ እንዲህ አስቡት። ከሁለት ሜትር አንድ ካብ ይልቅ ሁለት አጫጭር ካቦች ይሻላሉ፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከሱ በላይ ፈቀቅ ብሎ፣ መሃላቸው አትክልት የሚተከልበት መደብ። እያንዳንዱ አንድ ሜትር ገደማ ይሁን። መሠረቱ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይቆፈር፤ 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር። የመሠረቱ ወለል ወደ ዳገቱ ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል። ትልልቁ ድንጋይ እዚያ ይግባ። የካቡ ሥር ውፍረት የቁመቱን ግማሽ ያህል ይሁን። ፊቱ ቀጥ ብሎ አይቁም፤ ወደ ዳገቱ ጋደል ይበል። በስድስት እጅ ከፍታ አንድ እጅ ያህል። ቱንቢ የለመደ ግንበኛ ይሄን ሲሰማ ቅር ይለዋል። እናንተ ግን አትልቀቁት።

እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት ሁለት ድንጋዮች ላይ ይረፍ። ከላይ እስከ ታች አንድ ላይ የሚወርድ መገጣጠሚያ ካያችሁ ካቡ የሚከፈተው በዚያ በኩል ነው፤ ያን ጊዜውኑ ይፍረስና ይታረም። ከካቡ ጀርባ አፈር አይሞላ። አንድ ክንድ ያህል ውፍረት ያለው ኮረትና ስብርባሪ ድንጋይ ይግባ፣ አፈሩ ከሱ በኋላ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከካቡ በላይ ያለውን ጎርፍ ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ቁፈሩ። ቦይ የሌለው ካብ ብዙ አይሰነብትም።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርሽ። ቤታችሁ ከግንቡ አፋፍ ሁለት ሦስት ሜትር ላይ ከሆነ የቤቱ ክብደትም እዚያው ላይ ነው ያለው። ያን ጊዜ የኔን ደብዳቤ ይዘሽ ሳይሆን ቦታውን በዓይኑ የሚያይ መሐንዲስ ጠርተሽ ነው የሚሠራው። ጓሮው ባዶ ከሆነ ግን ካብ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። አሮጌውን ግንብ ስታፈርሱ ድንጋዩን አትጣሉት። ሲሚንቶውን በመዶሻ አራግፉለትና መልሳችሁ ተጠቀሙበት። ማፍረሱ ከላይ ወደ ታች፣ በበጋ፣ አፈሩ ደረቅ ሲሆን ነው።

ጥያቄ፦ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ስለ ኮንሶ እርከን ሲጠይቁኝ ከመጽሐፍ ውጪ የምነግራቸው ነገር የለኝም። እርከኑን ማን አስተማራቸው? ዩኔስኮስ የመዘገበው ለምንድን ነው? በዓይንዎ ያዩትን ቢነግሩን።
— መምህር፣ ከአርባ ምንጭ

መልስ፦ መምህር፣ እርስዎ ካሉበት ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ነው የኮንሶዋ ከተማ ካራት የሚደርሱት። ከተቻለ ተማሪዎቹን ይዘው ይሂዱ። የኔ ጽሑፍ አይተካውም።

ያስተማራቸው መሐንዲስ የለም። የዓለም ቅርስ መዝገቡ ራሱ ይሄንን ባህል 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ይለዋል። ኮንሶዎች ትውልድ የሚቆጥሩበት ደግሞ በዓይን የሚታይ ነገር አላቸው። በየ18 ዓመቱ ሥልጣን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ረጅም የጽድ ግንድ በአደባባይ ያቆማሉ። አሮጌው አይነሳም፤ አዲሱ ከጎኑ ይታሰራል። እንግዳ ሰው ግንዶቹን ቆጥሮ የመንደሩን ዕድሜ መገመት ይችላል። ለተማሪዎችዎ ጥሩ የሒሳብ ጥያቄ ይሆናል።

የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. 2011። የተመዘገበው እርከኑ ብቻ አይደለም። እርከኑ፣ በድንጋይ የታጠሩት ከተሞች፣ ሰው የሚሰበሰብባቸው ሞራ የሚባሉት አደባባዮች፣ የጀግና መታሰቢያ ሐውልቶቹ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ከተሞቹ ኮረብታ ራስ ላይ ናቸው። ዙሪያቸውን ከአንድ እስከ ስድስት ዙር ካብ አላቸው። ለምን ስድስት? ሰው ሲበዛ ከካቡ ውጪ ይሠፍራል። ከዚያ ለነሱም ሌላ ዙር ይካባል። ከመሃል ወደ ውጭ ሲራመዱ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ነው የሚሄዱት፤ የዛፍ ግንድ ተቆርጦ ቀለበቱን እንደማየት ነው። በካቦቹ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ለመሄድ ይቸገራል። ለጠላት አይመችም፤ ለጥላ ግን እንዴት ደስ ይላል!

የእርከኑ ካብ በአንዳንድ ቦታ አምስት ሜትር ይደርሳል። ከሥሩ ቆሜ ቀና ብዬ ሳየው ስንት እጅ እንደነካው አስብ ነበር። ድንጋዩ ከሌላ ቦታ አይመጣም። ከማሳው ራሱ የተለቀመ ነው። አገሩ ደረቅ፣ ዳገቱ ቀጥ ያለ፣ አፈሩ ስስ ነው። ድንጋዩ ካልተነሳ ማሽላ አይበቅልም፤ የተነሳው ድንጋይ ደግሞ የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት። ካቡ የማሳው ጽዳትም የማሳው ግድግዳም ነው።

እርከኑ አፈር ይይዛል፤ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ተማሪዎችዎ ልብ እንዲሉት የምፈልገው ስለ ውሃው ነው። በመደቡ ላይ ገበሬው በትንንሽ የአፈር ክትርና በማሽላ አገዳ አራት ማዕዘን እያደረገ ይከፋፍለዋል። እያንዳንዷ ገበታ መሳይ ቦታ የራሷን ዝናብ ይዛ ትቀመጣለች። ዝናቡ ከበዛ ትርፉ በተዘጋጀለት ቦታ ወደ ታችኛው እርከን ይወርዳል። እዚያም እንደዚያው። ውሃ አይባክንም፣ ውሃ አይቆጣም። በየማሳው ሺፈራው ተተክሏል፤ ቅጠሉ ይበላል። ከብቱ እርከን ላይ አይለቀቅም፤ ድንጋይ ይንዳልና። ደጅ ታስሮ ነው የሚቀለበው። ፍጉ ተሸክመውት ወደ ማሳ ይወጣል።

አሁን በዓይኔ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገርዎ። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ሽማግሌ ነበሩ። ሌሊት ከባድ ዝናብ ከዘነበ ጎህ ሲቀድ ይወጣሉ። ምን ሊሠሩ እንደሆነ አንድ ቀን ተከተልኳቸው። በእርከኑ ጠርዝ ይሄዳሉ። አንድ ድንጋይ ወድቆ ሲያገኙ ጎንበስ ይላሉ፣ ያነሱታል፣ ከወደቀበት ቦታ መልሰው ያስገቡታል፣ በመዳፋቸው ጠፍ ጠፍ ያደርጉታል። ይሄዳሉ። በዚያ ጠዋት አሥራ አንድ ድንጋይ መለሱ። ቆጥሬያለሁ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እርከን የሚባለው አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። በዕቅድና በሪፖርት ውስጥ እንደዚያ ነዋ የሚጻፈው፤ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ» ተብሎ። እሳቸው ግን እርከን እየሠሩ አልነበረም፣ እየጠገኑም አልነበረም። የጠዋት ሥራቸውን ነበር የሚሠሩት። እኛ ቤት ጠርገን እንደምንወጣ።

ከዚያ በፊት በሌላ ወረዳ የደረሰብኝን ለዚህ ነው የማልረሳው። ኮታ ተሰጠን። በሳምንት ይህን ያህል ሜትር። ሕዝቡን አሰልፈን ድንጋይ አስደረደርን። መሠረት የተቆፈረለት ጥቂቱ ነው። ሜትሩ ተለካ፣ ተመዘገበ፣ ተጨበጨበ። ሐምሌ ላይ አንዱ ከላይ ተናደ። እሱ የታችኛውን ይዞ ወረደ፤ ያም ያንን። የአንድ ደሀ ገበሬ ጤፍ ድንጋይ ተጭኖበት አደረ። ያንን ማሳ የለካሁት እኔ ነበርኩ። ሰውየው ምንም አላለኝም። «ድንጋዩን አብረን እናንሳው» ብቻ አለኝ። አምስት ቀን ፈጀብን።

ስለዚህ ተማሪዎችዎ ኮንሶ ሲደርሱ ከአምስት ሜትሩ ካብ ፊት ፎቶ ከተነሱ በኋላ አንድ የወደቀ ድንጋይ ይፈልጉ። የሚመልሰውን ሰው ጠብቀው ይዩ። ሞራ ላይ የሚቀመጠውን ክብ ድንጋይም ያሳዩአቸው። ወጣቱ አንስቶ ከራሱ በላይ ሲያሳልፍ ለትዳር ደረሰ የሚባልበት ነው። ድንጋይ ማንሳት ለምን የወንድነት መለኪያ እንደሆነ ዳገቱን አይተው ሲመለሱ ይገባቸዋል።

ለታሪክ ትምህርቱ ደግሞ፣ በአገራችን ያለ ማያያዣ የተሠራው ኮንሶ ብቻ እንዳልሆነ ይንገሯቸው። የይሓ ቤተ መቅደስ የተጠረበ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ ተቀምጦ ከ2,500 ዓመት በላይ ቆሟል። እሱ ግን ጥርብ ነው፤ የመጥረብ ጥበብ ነው። የኮንሶው እንደ ተገኘ የተካበ ነው። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ። የተጠረበ ድንጋይ ያስቀመጡበት ይቀመጣል፤ ላልተጠረበው ግን ቦታውን መፈለግ አለብህ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ጣሊያን፣ ጄኖቫ አጠገብ ነው። የምንከባከባቸው እናት 88 ዓመታቸው ነው። መስኮታቸው ፊት ያለው ተራራ ከላይ እስከ ታች እርከን ነው፤ ግን ግማሹ ፈርሶ ጫካ ሆኗል። ሁልጊዜ እሱን እያዩ «ባለቤቴ የሠራው» እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ ደግሞ ሳየው የእናቴ አገር ወሎ ትዝ ይለኛል። እውነት አንድ ዓይነት ነው ወይስ ናፍቆት ነው?
— እህታችሁ፣ ከጣሊያን

መልስ፦ እህቴ፣ ናፍቆትም ቢሆን ዓይንሽ አልዋሸሽም። አንድ ዓይነት ነው። ዳገት፣ ስስ አፈር፣ ብዙ ድንጋይና የሚበላ ነገር የሚፈልግ ሰው የተገናኙበት ቦታ ሁሉ ካብ አለ። እነሱ «ሙሮ ኣ ሴኮ» ይሉታል፤ ደረቅ ግንብ ማለት ነው። ጭቃ የሌለበት።

ካለሽበት ወደ ምሥራቅ በባቡር ሄደሽ ከሆነ ቺንኴ ቴሬን አይተሽዋል። ሞንቴሮሶ፣ ቬርናዛ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላ፣ ሪዮማጆሬ። ባሕሩ ላይ በተንጠለጠለው ገደል ወይን የሚያበቅሉት በካብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግን ወጣቱ ወደ ፋብሪካና ወደ ወደብ ሥራ ወረደ፤ ኋላም ወደ ቱሪዝሙ። እርከኑ ላይ የሚወጣ ሰው አነሰ። የወደቀውን ድንጋይ የሚመልስ ጠፋ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 2011 ከባድ ዝናብ ጣለና ቬርናዛና ሞንቴሮሶ በጎርፍና በጭቃ ተሞሉ፤ ሰውም ሞተ። ያን ያህል ዝናብ የትኛውንም ተራራ ይጎዳል። የተተወ እርከን ግን ለናዳ የተመቻቸ ነው፤ የተከመረ አፈርና ድንጋይ አለ፣ የሚይዘው የለም። ኮንሶ በተመዘገበበት በዚያው ዓመት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እኚህ እናት የሚያለቅሱት ለባላቸው ብቻ አይመስለኝም። የባላቸው እጅ በየቀኑ ሲፈርስ በመስኮት እያዩ ነው።

አንድ ደስ የሚል ዜና ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኔስኮ ያለ ማያያዣ ድንጋይ የመካብን ጥበብ ራሱን፣ ዕውቀቱን ማለቴ ነው፣ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ጣሊያን፣ ፈረንሳይ፣ ስፔን፣ ስዊዘርላንድ፣ ግሪክ፣ ቆጵሮስ፣ ክሮኤሺያና ስሎቬኒያ በጋራ ነው ያስመዘገቡት። በ2024 ደግሞ አየርላንድ፣ ቤልጂየም፣ ኦስትሪያ፣ ሉክሰምበርግና አንዶራ ተጨመሩ። ባላቸው ያውቁት የነበረው ነገር ማለት ነው። ከቻልሽ ደግሞ እንዴት ይክቡ እንደነበር ጠይቂያቸው። ትልቁ ድንጋይ የት ይገባ ነበር? ማን ያቀብላቸው ነበር? ምናልባት የሚያቀብሉት እሳቸው ነበሩ። የነገሩሽን ጻፊልኝ፤ በዚህ ዓምድ አወጣዋለሁ።

ጥያቄ፦ እርከን ከሠራን ወዲህ አይጥ በዛብን። እባብም አይተናል። አንዳንዱ ገበሬ በዚህ ምክንያት እያፈረሰው ነው። ምን ትላለህ?
— ከደቡብ ወሎ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገበሬው ልክ ነው። አይጥ ካብ ውስጥ ይራባል፣ ከዚያ ወጥቶ እህል ይበላል። ይሄን ስንቀሰቅስ አልነገርነውም፤ መንገር ነበረብን። እባቡ የሚመጣው አይጡን ብሎ ነው። አባቶች «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ሲሉ ከባዶ ሜዳ አላመጡትም።

ግን ከማፍረሱ በፊት ሒሳቡን አብራችሁ አስሉት። ትግራይ፣ ደጉዓ ተምቤን ላይ በተሠራ ጥናት የድንጋይ እርከን ከማሳው የሚታጠበውን አፈር በ68 በመቶ ቀንሷል። አይጥ የዘንድሮን እህል ይበላል። ጎርፍ የሚወስደው የልጅ ልጆቻችሁን ማሳ ነው።

አይጥ የሚወደው በዘፈቀደ የተከመረ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ካብ ነው። ውስጡ በስብርባሪ ድንጋይ ተጠቅጥቆ ከተሞላ ለጎጆ የሚሆን ቦታ አያገኝም፤ ውሃው ግን ያልፋል። የካቡን ሥር ከአረምና ከገለባ አጽዱ፤ መሸሸጊያው እሱ ነው። ድንጋይ ስታነሱ ደግሞ በዲጂኖ ወይም በእንጨት ከራሳችሁ በተቃራኒ በኩል ገልብጡት። እጅ ቀድሞ አይግባ። ልጆችንም ይሄንኑ አስተምሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ የበግ በረትና የግቢ አጥር በካብ የሚያሠራ ሰው አለ። ሥራውን መልመድ እፈልጋለሁ። ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል? በቀን ስንት ሜትር ይካባል?
— ሥራ ፈላጊ

መልስ፦ ልጄ፣ ይሄ ጥያቄ ካነበብኳቸው ሁሉ ደስ አሰኘኝ። አገርህ የካብ አገር ነው።

መሣሪያው ቀላል ነው። ዲጂኖ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ መዶሻ፣ አንድ መሮ፣ ሲባጎና አራት ካስማ። ጠንካራ ጫማና ጓንት ግዛ፤ አያቴ አልነበረውም፣ የሁለት ጣቱ ጥፍርም አልነበረም።

የአጥር ካብ ከእርከን ይለያል፤ ሁለት ፊት አለው። ሁለት ስስ ካቦች ተደጋግፈው፣ መሃላቸው በጠጠር ተሞልቶ ማለት ነው። ሥሩ 70 ሳንቲ ሜትር፣ አናቱ 40፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከ20 ይሁን። ግማሽ ቁመት ላይ ስትደርስ ከፊት እስከ ኋላ የሚያልፍ ረጅም ድንጋይ በየአንድ ሜትሩ አስገባ። ሁለቱን ፊት የሚያስረው እሱ ነው። እነዚህን ረጃጅሞች ገና ስትጀምር ለይተህ አስቀምጣቸው፤ አለዚያ በመሠረቱ ላይ ትጨርሳቸውና ስትፈልግ አታገኝም። አናቱን በከባድ ድንጋይ ክደነው። በግ ዘሎ ሲረግጠው የሚናደው ቀላል ክዳን ያለው ነው።

ለአንድ ሜትር ርዝመት ከአንድ ቶን በላይ ድንጋይ ይገባል። ስለዚህ ዋጋ ስትነጋገር ድንጋዩን ማን እንደሚያቀርብ መጀመሪያ ተነጋገር። ድንጋዩ አጠገቡ ከተከመረለት የለመደ ካቢ በቀን ሁለት ሦስት ሜትር ይሠራል። አንተ የመጀመሪያውን ወር አንድ ሜትር ብትሠራ ይበቃሃል። በሜትር ሳይሆን በቀን ሒሳብ ተዋዋል፤ በሜትር የሚከፈለው ጀማሪ ረጅሙን ጎን ወደ ውጭ ማዞር ይጀምራል።

ከሰኔ በፊት መሠረቱን አውጣ። ድንጋዩን ከወንዝና ከማሳ ላይ ልቀም፤ ባለቤቱን አስፈቅደህ። ከሰው እርከን ላይ ግን አንድም ድንጋይ እንዳታነሳ።